ፎቶግራፍ አንሺውና የፍንዳታ ፊልም



ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወደ ቀወት የሚወርድ መንገደኛ በአጭር ጉዞ ውስጥ ከብርድ ወደ ሐሩር ይሻገራል። ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ሸዋ ሮቢት ከ1300 ሜትር እምብዛም አትርቅም። ከአየሩ ጋር ብርሃኑም ይለወጣል። ደጋው ላይ በጉም ተጣርቶ በለስላሳው ይወርድ የነበረው ጸሓይ ቆላው ላይ ጥላን ከብርሃን እንደ ምላጭ ይለያል፤ አቧራውን ያበራል፤ ከአስፋልቱ ላይ የሚነሣው ወላፈን የሩቁን መኪና እንደ ውሃ ያንቀጠቅጠዋል። ፎቶግራፍ አንሺ ቢሆን ኖሮ ተፈጥሮ ለፊልም መቅረጫ ብላ ያዘጋጀችው ስፍራ ነው ለማለት በቃው።

በዚሁ ቆላ፣ እንደ ሌላውም የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ወጣቱ ፎቶግራፍ አንሺ ዐይኑን ያሟሸው በቪዲዮ ቤት ነው። በጠባብ ክፍል፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ፣ ሽዋርዘኔገር በ«ኮማንዶ»፣ ስታሎን በ«ራምቦ» ሰፈሩን ሁሉ ሲያጋዩት እያየ ያደገ ልጅ ዛሬ ስቱዲዮ ከፍቶ ሙሽራ ያነሣል። የሚወደውንም በሚሠራው ውስጥ ማስገባቱ አልቀረም። ከሙሽራው ጀርባ ነበልባል ይለጥፋል፤ ከሚዜዎቹ ራስ በላይ ሄሊኮፕተር ያንዣብባል፤ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ስድስት ጎበዛዝት ከሚፈነዳ መኪና ፊት ለፊት ዘና ብለው ሲራመዱ ይታያሉ። ነባሮቹ ባለሙያዎች ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ የነባሮቹን መጋረጃና የላስቲክ አበባ ጠቅሰው ይመልሱላቸዋል። ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት አለው።

የፍንዳታ ፊልም መውደድ በራሱ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱን ለዚህ ሙያ የወለደው የፍንዳታ ፊልም ነበርና። ሊጠየቅ የሚገባው ከዚያ ፊልም ምን ይዞ ወጣ የሚለው ነው። የዚህም ሰው ስም ጎርደን ፓርክስ ይባላል።

ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት፣ ፎርት ስኮት በምትባል ከተማ፣ ከአንድ ደኻ ጥቁር ቤተ ሰብ ለአሥራ አምስተኛ ልጅነት ተወለደ። ገና በጉርምስናው እናቱ ስለ ሞተችበት ወደ ሚኒሶታ ተልኮ ጎዳናን፣ ረኃብንና ብርድን ቀመሰ። ፒያኖ በመምታት፣ ሳህን በማንሣት፣ በኋላም በባቡር የምግብ ሠረገላ ውስጥ አስተናጋጅ በመሆን ኖረ። ተሳፋሪ ትቶት በሄደ መጽሔት ላይ የድርቅ ስደተኞችን ፎቶግራፎች ያየውም በዚሁ ባቡር ውስጥ ነው። ሥዕሎቹ ልቡን ነኩት፤ ይሁን እንጂ ገና እጁን አላንቀሳቀሱትም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 12 ቀን 1937 የጃፓን አውሮፕላኖች በቻይና በያንግትዜ ወንዝ ላይ «ፓናይ» የተባለችውን የአሜሪካ የጦር ጀልባ በቦምብ ደብድበው አሰጠሟት። ኖርማን ኤሊ የሚባል የዜና ፊልም አንሺ በዚያች ጀልባ ላይ ነበረና ቦምቡ ሲወድቅ፣ መርከበኛው ሲሯሯጥ፣ ጀልባይቱም ስትሰጥም ቀረጸው። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ ታየ፤ አውሮፕላኖቹ ምን ያህል ዝቅ ብለው እንደ በረሩ የሚያሳየው ቁራጭ ግን በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጥያቄ ከሕዝብ ዐይን እንዲቆይ ተደረገ። ፓርክስ ይህን ፊልም ያየው የባቡሩ ጉዞ ቺካጎ ላይ ባሳረፈው ጊዜ ነበር። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ፣ ያንን ሁሉ እሳት የቀረጸው ሰው ራሱ ነጭ ልብስ ለብሶ ከመድረኩ ላይ ብቅ አለ። ፓርክስ ከዚያ ወንበር የተነሣው ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን ቆርጦ ነው። ጥቂት ቆይቶም ሲያትል ከተማ ከአንድ የመያዣ ዕቃ መሸጫ ሱቅ «ፎይክትላንደር ብሪሊያንት» የተባለች ርካሽ ካሜራ ገዛ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ፓርክስ እሳቱን ብቻ አይቶ ቢወጣ ኖሮ ተመልካች ሆኖ በቀረ ነበር። ያነቃው ከእሳቱ በኋላ የታየው ሰው ነው፤ ቦምብ ሲወርድ ዐይኑን ከካሜራው ያልነቀለ አንድ ሰው በሥጋው ፊቱ ቆሞ ማየቱ ነው። የቪዲዮ ቤት ልጅም ይህን ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነበር፦ ያ ሁሉ ሲፈነዳ ካሜራው የት ቆሞ ነበር? ከምን ያህል ርቀት? በስንት ካሜራ? ራምቦን ሺህ ጊዜ ያየ ሰው ብዙ ነው፤ ካሜራው የት እንደ ቆመ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የፓርክስ ሕይወት ክፍል ከፍንዳታ ጋር ምንም የሚያገናኘው አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1942 ዋሽንግተን ሄዶ፣ የገጠሩን ችግር በፎቶግራፍ በሚያስመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። አለቃው ሮይ ስትራይከር በመጀመሪያው ቀን የሰጠው ትእዛዝ እንግዳ ነበር፦ ካሜራህን እዚህ አስቀምጥና ከተማውን ዞረህ እይ፤ ልብስ ግዛ፣ ምሳ ብላ፣ ሲኒማ ግባ አለው። ፓርክስ ወጣ። ምግብ ቤቱ አላስተናግድም አለው፤ ልብስ መደብሩ ፊት ነሣው፤ የሲኒማው በርም ለጥቁር ሰው አልከፈት አለው። በሲኒማ ወንበር ላይ ለሙያው የተጠራ ሰው ከሲኒማ ደጃፍ ተመለሰ። ተቆጥቶ ካሜራውን ሊያነሣ ሲል ስትራይከር፣ የጠላህን ሰው ፎቶግራፍ አንሥተህ ከሥሩ «ጨካኝ» ብለህ ብትጽፍ ማንም አያምንህም፤ ይልቅስ በዚህ ሕይወት ውስጥ ያለፈ ሰው አነጋግር የሚል ምክር ሰጠው።

በዚያው ሕንፃ ውስጥ ሌሊት ወለል የሚጠርጉ ወይዘሮ ኤላ ዋትሰን የሚባሉ ሴት ነበሩ። ፓርክስ አስቀድሞ የሕይወታቸውን ታሪክ ጠየቃቸው፤ ካሜራውን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአሜሪካ ባንዲራ ፊት አቆማቸው፤ በአንድ እጃቸው መጥረጊያ አለ፣ ከጎናቸው የወለል መወልወያው ቆሟል፤ ዐይናቸው ቀጥ ብሎ ይመለከታል። ይህ ሥዕል ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዱ ነው። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም፤ ግን የሚመለከተው ሰው ሊፈነዳ የተቃረበ አንዳች ነገር በፊታቸው ላይ ያያል። ብዙዎች የማያውቁት፣ ፓርክስ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ወደ ቤታቸው፣ ወደ ልጅ ልጆቻቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው እየተመላለሰ ማንሣቱን ነው። አንዷ ሥዕል ብቻዋን አልተወለደችም።

ለዚህ ንግግር ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ1948 «ላይፍ» በተባለው መጽሔት የወጣው ሥራው ነው። ፓርክስ ሃርለም በሚባለው የኒው ዮርክ ጥቁሮች ሰፈር ሬድ ጃክሰን የተባለ የአሥራ ሰባት ዓመት የወሮበሎች መሪ ከነጓደኞቹ ለሳምንታት ተከተለ። ጠብ ነበር፤ ድብድብ ነበር፤ ቀብርም ነበር። ከመቶ በሚቈጠሩት ሥዕሎች መካከል ከሁሉ ጎልቶ የሚቀረው ግን ድብድብ የማይታይበት ነው። ሬድ ጃክሰን በተቃራኒ ቡድን ተከቦ ባዶ ቤት ውስጥ ተደብቋል። ብርጭቆው በተሰበረ መስኮት አጠገብ ቆሞ ሲጋራ እንደ ነከሰ ወደ ውጭ ያያል። ብርሃኑ ከመስኮቱ ይገባና ግማሽ ፊቱን ይገልጣል፤ የቀረው ጨለማ ነው። ከውጭ ያሉት ጠላቶቹ በሥዕሉ ውስጥ የሉም። የሚታየው የተሰበረው መስታወትና የሚያስበው ልጅ ብቻ ነው፤ ከበባውን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ይህ የሥራ ዘዴ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ አደጋውን ከክፈፉ ውጭ አስቀምጦ ውጤቱን በሰው ፊት ላይ ማሳየት። የፍንዳታ ፊልሞችም ጥሩ ሲሆኑ የሚሠሩት በዚሁ ነው። ፈንጂው ከመፈንዳቱ በፊት ያለው ጸጥታ፣ በሰዓቱ ላይ የሚቆጥረው ቁጥር፣ ሽቦ የሚቆርጠው ሰው ላብ፤ ተመልካች ወንበሩን ጨብጦ የሚይዘው በእነዚህ ጊዜያት ነው። ነበልባሉ ሲነሣ እፎይ ብሎ ይደገፋል። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን ሁለቱንም፣ ጭንቀቱንም እሳቱንም፣ ማሳየት ይችላል፤ የሁለት ሰዓት ጊዜ አለው። ለቆመ ሥዕል ያለችው አንዲት ቅጽበት ናት፤ ስለዚህ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ነበልባሉን የመረጠ ፎቶግራፍ አንሺ እፎይታውን መርጦ ጭንቀቱን ጥሎታል ማለት ነው።

ፓርክስ «ላይፍ» መጽሔት ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ለሃያ ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ ወደ ወጣበት ሲኒማ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ልብ ወለድ ወደ ፊልም ለውጦ፣ በታላቅ የሆሊውድ ኩባንያ ፊልም ያዘጋጀ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። በ1971 ደግሞ «ሻፍት»ን አወጣ። ጥይቱ፣ ድብድቡ፣ በሆቴል መስኮት በገመድ ተንጠልጥሎ መግባቱ፣ ሁሉም አለበት። ሆኖም ከፊልሙ ሁሉ በሰው ልብ የቀረው መክፈቻው ነው፦ ካሜራው ከላይ ሆኖ የሲኒማ ቤቶችን ማስታወቂያ እየቃኘ ወደ ጎዳናው ይወርዳል፤ አንድ ረጅም ቆዳ ካፖርት የለበሰ ጥቁር ሰው ከምድር ባቡር ጣቢያ ወጥቶ በመኪናዎች መካከል ይራመዳል። የሚፈነዳ ነገር የለም። የአይዛክ ሄይስ ሙዚቃና የአንድ ሰው አረማመድ ብቻ። ሲኒማ በር ላይ የተመለሰው ሰው፣ የራሱን መሳይ ሰው በሲኒማ ቤቶች መካከል ባለቤት አስመስሎ አስኬደው። በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሁለተኛው «ሻፍት» ውስጥ ግን መኪና፣ ጀልባና ሄሊኮፕተር እየተባረሩ መጨረሻው እሳት ይሆናል፤ ያ ክፍል በሙያ ደረጃ የተዋጣ ቢሆንም እንደ መክፈቻው የሚያስታውሰው የለም።

ሦስተኛው ፊልም ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትዝታ አለው። «ሻፍት በአፍሪካ» እ.ኤ.አ. በ1973 ለእይታ ሲበቃ ከፊሉ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ ነበር፤ አርቲስት ደበበ እሸቱም ተሳትፈውበታል። አዘጋጁ ግን ፓርክስ ሳይሆን ጆን ጊለርሚን ነው። የሁለቱን ሰዎች ዐይን ለማነጻጸር የሚመች አጋጣሚ ነው። በፓርክስ ፊልም ኒው ዮርክ ራሷ ገጸ ባሕርይ ናት፤ በሦስተኛው ፊልም የኢትዮጵያ ምድር ይበልጡን ከተዋናዩ ጀርባ የተዘረጋ መጋረጃ ሆኖ ያልፋል። መልክዓ ምድሩ ያምራል፤ ውበቱ ግን የጎብኚ ዐይን ያየው ውበት ነው። ለይፋት ፎቶግራፍ አንሺ ትምህርቱ ቅርብ ነው፤ የራሱን ቆላ እንደ እንግዳ አገር መጋረጃ አድርጎ ከሙሽራ ኋላ መዘርጋት ይችላልና።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ፤ የፊልም ፍቅር የሚፈተነው እዚህ ነውና። አብዛኛው ወጣት የፍንዳታ ፊልም የሚመስል ሥዕል ሲፈልግ ሹተሩን ወደ ሺህኛ ሰከንድ ይወስዳል፤ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ እንዲቆም። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። ሲኒማ በሰከንድ 24 ሥዕሎች ያነሣል፤ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ሥዕል ብርሃን የሚቀበለው ለ48ኛ ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ የሚሮጥ ሰው ያለበትን የፊልም ክፍል አስቁሞ ያየ ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፍንጣሪው ሁሉ ተስቦ ያገኘዋል። ዐይናችን ፍጥነት ብሎ የሚያነበው ይህንኑ መሳብ ነው። በሺህኛ ሰከንድ የተነሣ አቧራ ጠጠር ይመስላል፤ በ50ኛ ሰከንድ የተነሣው ግን ይነፍሳል። ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1998 በሠራው «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» የፊልም አንሺው ያኑሽ ካሚንስኪ የሹተሩን ክፍተት አጥብቦ አፈሩና ፍንጣሪው እየተቆራረጠ እንዲታይ ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ ተመልካቹን ምቾት ሊነሣው ስለ ፈለገ። ደንቡን አውቆ መጣሱ ነው።

ቀርፋፋ እንቅስቃሴም ምሥጢሩ ተቃራኒው ነው፤ በሰከንድ 24 በመቅረጽ ፈንታ 72 ወይም 120 ቀርጾ በ24 ማሳየት። ሳም ፔኪንፓ እ.ኤ.አ. በ1969 በ«ዘ ዋይልድ በንች» ድልድይ ሲያፈነዳ ልዩ ልዩ ፍጥነት ያላቸው በርካታ ካሜራዎች የደረደረው፣ ድልድይ ሁለት ጊዜ ስለማይፈነዳ ነው። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ የሲኒማው ዓለም ሄዶ ሄዶ ወደ ቆመው ካሜራ መመለሱ ነው። ሙይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 የፈረስ ግልቢያ ለማጥናት 12 ካሜራዎችን በአንድ መሥመር አቆመ፤ «ዘ ማትሪክስ» በ1999 ጥይት የሚሸሸውን ሰው በአየር ላይ ሲያዞረው መቶ የሚያህሉ ተራ የፎቶግራፍ ካሜራዎችን በዙሪያው ደርድሮ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ያው ዘዴ!

በቀወት ይህንን ሁሉ ለመለማመድ ነዳጅም ባሩድም አያስፈልግም። በሸዋ ሮቢት ዋና ጎዳና ዳር የቆመ ሰው ሹተሩን በ30ኛ ሰከንድ አድርጎ፣ ከሚያልፈው ባጃጅ ጋር መሣሪያውን እኩል እያዞረ ቢያነሣ፣ ሾፌሩ ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ሱቅ ሁሉ ወደ መሥመር ይለወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሥዕሎች ይበላሻሉ፤ ሠላሳ አንደኛው ይሠራል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የማሽላ አዝመራ ሲገባ ያለው ውድማ ነው። የይፋት ቆላ በምዕራብ በኩል በታላቅ ተራራ ታጥሯል፤ ጸሓይ ከሰዓቷ ቀድማ ትጠልቃለች የሚባለውም ለዚህ ነው። ከመጥለቋ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት የተራራው ፊት ጠቅላላ በጥላ ይዋጣል፤ ውድማው ግን ገና ብርሃን ላይ ነው። ገበሬው በመንሽ ገለባውን ሽቅብ ሲበትን፣ ፎቶግራፍ አንሺው ፊቱን ወደ ጸሓይቱ መልሶ ከጥቁሩ ተራራ ፊት ቢያነሣው፣ ገለባው ወርቅ ይሆንና ከሰውየው ራስ በላይ ይፈነዳል። ከዚህ የተሻለ ፍንዳታ ሆሊውድም አልሠራ! ልኬቱን ከተራራው ላይ የወሰደ ግን ሥዕሉን ያነጣዋል፤ ከብሩሁ ገለባ ላይ ወስዶ ጥላውን ለጨለማ መተው ይሻላል። ሹተሩም 60ኛ ይበቃዋል፤ የገለባው ጫፍ ጥቂት ይሳብ።

ስለ እሳት ከተነሣ ደግሞ ደመራ አለ። እንደ አገሩ ልማድ በመስከረም 16 ምሽት ወይም በ17 ንጋት ደመራው ሲለኮስ ሁሉም ካሜራውን ወደ ነበልባሉ ያዞራል። ውጤቱ በየዓመቱ አንድ ነው፤ በጥቁር መካከል ነጭ ጠባሳ። እሳት ለፎቶግራፍ አንሺ ሥዕል ሳይሆን መብራት ነው። ጀርባውን ለደመራው ሰጥቶ ሕዝቡን የተመለከተ ሰው የሽማግሌውን ሽበት፣ አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠችውን ሕፃን፣ የዘማሪዎቹን ነጠላ በቀይ ብርሃን ተስለው ያገኛቸዋል። ፓርክስ የሬድ ጃክሰንን መስኮት የተጠቀመበት በዚህ መንገድ ነው፤ መስኮቱ የሥዕሉ ጉዳይ ሳይሆን የብርሃኑ በር ነበር።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ፊልም እሳት ነው። የእውነተኛው ፍንዳታ ጠባይ ከዚህ ይለያል። ለፊልም የሚዘጋጀው ፍንዳታ አብዛኛው ቤንዚን ነው፤ ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ ብርቱካንማ ቀለም ይሰጣል፣ ለካሜራ ይመቻል። የጦር ፈንጂ እንዲህ አይደለም። ቅጽበታዊ ብልጭታ ያሳይና ወዲያው አፈርና ግራጫ ጢስ ይሆናል፤ ሰው የሚገድለው ደግሞ ዐይን የማያየው የአየር ግፊትና ፍንጣሪው ነው። በጥቁር መነጽር ጀርባ ሰጥቶት ዘና ብሎ የሚራመድ ሰው በፊልም ካልሆነ በቀር አይገኝም።

ኬንያዊው ሙሐመድ አሚን ይህን በገላው አወቀው። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ላይ የቀረጸው የረኃብ ፊልም ዓለምን ያስለቀሰ ነበር። በዚያም ፊልም ቢሆን ካሜራው የሚሄደው በጸጥታ ነው፤ በንጋት ብርሃን፣ ከፊት ወደ ፊት። ከሰባት ዓመት ያህል በኋላ፣ በግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ማከማቻ ሲቃጠል ሊቀርጽ በሄደበት ፍንዳታው የግራ ክንዱን ወሰደው፤ አብሮት የነበረው ድምፅ ቀራጭ ጆን ማታይ ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በኅዳር 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን አደጋ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ካሜራውን አልተወም። የዚህን ሰው ታሪክ የሚያውቅ ባለሙያ ነበልባልን ለጌጥ ሲቆርጥና ሲለጥፍ እጁ ትንሽ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ለቀወትና ለጎረቤቶቿ ደግሞ ነገሩ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ስቱዲዮ ገብቶ ከሚቀመጠው ደንበኛ መካከል ቤቱ የነደደበት፣ ዘመዱን የቀበረ፣ ሸሽቶ የተመለሰ ሰው አለ። ሙሽሪት እናቷን ይዛ ፎቶግራፏን ልትረከብ ስትመጣ፣ ከልጅዋ ጀርባ የተለጠፈውን የሚነድ ሕንፃ የምታይ እናት ምን ታስታውስ ይሆን? ፎቶግራፍ አንሺው አልጠየቃት ይሆናል። ፓርክስ ግን ወይዘሮ ኤላ ዋትሰንን ካሜራውን ከማንሣቱ በፊት ጠይቋል። ነገሩ የሕግ ክልከላ የሚፈልግ አይደለም፤ እሳቱን ራሱ ሙሽራው የሚፈልገው፣ ቤተ ሰቡም ደስ የሚለው ከሆነ ያሻውን ያድርግ። የማይገባው ሳይጠይቁ መለጠፍ ነው፤ ከመለጠፉም በፊት ማሳየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ያንን ነበልባል ያስወገደ ሰው ደግሞ የሚተካበት አያጣም፤ ሙሽራው ከቤት ከመውጣቱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ያንሣ፤ አባት ከረባት ሲያስር እጁ የሚንቀጠቀጥባትን፣ ሚዜዎቹ ዝም ያሉባትን፣ ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ሲጮኽ ሁሉም ወደ በሩ የሚዞሩባትን። የፍንዳታ ፊልም ወዳጅ ይህችን ቅጽበት ከማንም ይልቅ ያውቃታል፤ ፈንጂው ሊፈነዳ ሦስት ሰከንድ ሲቀረው ያለችው ናት።

ከእሳት ጋር የተያያዘ አንድ የመጨረሻ የሥራ ጉዳይ ይቀራል። ቤት ሲቃጠል የግድግዳው ፎቶግራፍ፣ የሣጥኑ አልበም አብሮ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ የሟቹ መልክ ሊገኝ የሚችለው በስቱዲዮው መዝገብ ውስጥ ብቻ ይሆናል፤ ስቱዲዮውም አብሮ ካልነደደ። ቀድሞ ነጋቲቭ በቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ ቦታ ሲጠብም የአምናው ሰርግ ይደመሰሳል። ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1956 በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የዘር መድልዎን በቀለም ያነሣቸው በርካታ ሥዕሎች ለአሥርታት ጠፍተዋል ተብሎ ሲታመን ቆይቶ፣ ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራዎቹን በሚጠብቀው ድርጅት ውስጥ ከአንድ አሮጌ ሣጥን ሥር በወረቀት ተጠቅልለው ተገኙ።  የይፋት ስቱዲዮዎችም የየዓመቱን ሥራ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ገልብጠው፣ አንዱን ከቆላው አውጥተው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያለ የሥራ ባልደረባ ዘንድ ቢያስቀምጡ፣ ወጪው ከአንድ ሰርግ ገቢ አይበልጥም። በየዲስኩ ላይም ዓመተ ምሕረቱና የከተማው ስም ይጻፍበት።